እናቴ የሰማችው ድምፅ

የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሦስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። የጥቅምት ብርድ በጀመረበት ሰሞን እናቴ ሌሊት ሌሊት አንድ ድምፅ እንቅልፍ እየነሣት እንደሆነ ነገረችኝ። «ኮርኒሱ ውስጥ ንብ ሳይገባ አልቀረም፤ ጥዝ ይላል» አለች። በክፍሏ በር ላይ ቆሜ ጥቂት ደቂቃ አዳመጥሁና ምንም አልሰማሁም። ዕድሜዋ ሰባን ስላለፈ ነገሩን በጆሮዋ አሳብቤ ተውሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻዋን ስትሰማው ቆየች፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር አሁንም ያንገበግበኛል።

እርግጥ ንቡን ፈልጌአለሁ። ጣራ ሥር ንብ ከሰፈረ ፀሐይ ሞቅ ሲል ሲገባና ሲወጣ መታየቱ ስለማይቀር፣ አንድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ የቤቱን ዙሪያ እየዞርሁ ክፈፉን ሁሉ አየሁ፤ አንድም ንብ አልነበረም። ቀፎ በጓሮ በሚሰቀልበት አገር ያደገችው እናቴም ጥቂት ቀን ካዳመጠች በኋላ ቃሏን አረመች። «አይ፣ የንብስ አይደለም፤ ይሄኛው ይወፍራል» አለችኝ። ያን ጊዜ ልብ ብል ኖሮ ግማሹን መልስ ሰጥታኝ ነበር። ንብ ክንፏን በሰከንድ 230 ጊዜ ያህል ስለምታርገበግብ ጥዝታዋ ቀጠን ይላል፤ የትንኝ ደግሞ ከዚያም እጅግ የቀጠነ ነው። የእኛ አገር መብራት ግን በሰከንድ 50 ዙር ስለሚሠራ፣ ከእርሱ የሚወጣው እምምታ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 100 ንዝረት ያለው ወፍራም ድምፅ ነው።

ዓይኔን የገለጠልኝ የመብራት መጥፋት ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም እናቴ ከክፍሏ «ቆመ እኮ!» ብላ ጠራችኝ። ወዲያው ከመንገዱ ማዶ ጀነሬተር ሲነሣ ደግሞ «ይሄ ሌላ ነው፤ ይሄ ያጉረመርማል» አለች። በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚያቃጥል ድምፁ በእርግጥም ከሌሎቹ ሁሉ የወፈረ ነው፤ እንዲህ ያለውን ድምፅ ግድግዳና መስኮት እንደ ቀጭን ድምፅ አያግዱትም። እኔን ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጆሮ ውስጥ የሚፈጠር ጭውታ መብራት ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም፤ ጆሮን በጣት ሲደፍኑትም ጎልቶ ይሰማል እንጂ እንደ ውጭ ድምፅ አይቀንስም። ያን ቀላል ፈተና በመጀመሪያው ሌሊት ብጠይቃት ኖሮ እውነቱ ይታወቅ ነበር። (በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ወይም የልብን ምት እየተከተለ የሚመላለስ ጭውታ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።)

በማግስቱ ሌሊት መብራት እያለ የቤታችንን ዋና ብሬከር አጠፋሁና በእናቴ አልጋ ላይ፣ ትራሷ ባለበት፣ ጭንቅላቴን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ተጋደምሁ። ያን ጊዜ ሰማሁት፤ ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ እምምታ ነው። ተነሥቼ ወደ ክፍሉ መሐል ስራመድ ጠፋ፤ ስመለስ መጣ። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ያህል ነው፤ ከግድግዳ ተመልሶ ከመጪው ጋር ሲደራረብ ግድግዳው ሥር ይጎላል፣ ከዚያ 85 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ሲሉ ደግሞ ይደክማል። እኔ ቆሜ ያዳመጥሁት ድምፁ በሚደክምበት ቦታ ሲሆን፣ እርሷ የምትተኛው ደግሞ ድምፁ በሚጎላበት ቦታ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነን ሁለታችንም እውነት ይዘን ነበር ማለት ነው።

ያ ድምፅ የሚመጣው ከአጥሩ ውጭ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው ትራንስፎርመር ነው። 15 ሺህ ቮልቱን ለቤት ወደሚሆን 220 ቮልት የሚያወርደው ይህ ዕቃ ውስጡ የብረት ልብ አለው፤ ብረቱ መግነጢስ በያዘው ቁጥር ለዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፣ ሲለቀውም ይመለሳል። ይህ የሚሆነው በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ በመሆኑ 50ው ዙር 100 ንዝረት ይሆናል። ቀን በታክሲው ጩኸት የሚዋጠው ድምፅ ሌሊት ይገለጣል፤ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ሲጠራ መሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ፣ ድምፅ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ታች አጎንብሶ ቤታችን ድረስ ይደርሳል። ክረምት ላይ ደግሞ አቧራ የጠጣው የምሰሶው ስኒ፣ ሽቦው የሚያርፍበት ሸክላ፣ ሲርስ የሚያሰማው ጭርጭርታ አለ፤ እርሱ ከእምምታው የተለየ፣ ሸካራ ድምፅ ነው።

ብሬከሩን መልሼ ሳበራ ግን እናቴ «አሁን ሁለት ሆነ» አለች። ስለዚህ የቤታችንን ዕቃ አንድ በአንድ እየነቀልሁ አዳመጥሁ። የፍሪጁ ስታቢላይዘር በውስጡ ትንሽ ትራንስፎርመር ስላለው የራሱ እምምታ ነበረው፤ ፍሪጁም ጀርባው ግድግዳውን ነክቶ ንዝረቱን ለቤቱ ሁሉ ያድል ስለነበር ሦስት ጣት ያህል ሳብሁት። በኮሪደሩ ያለው አሮጌ ፍሎረሰንት ባላስቱ ላልቶ ኖሮ ዝዝ ይል ነበር፤ በኤልኢዲ ቀየርሁት። ይህ ሁሉ ቀላል ነው። እናቴ አሁንም የምትሰማው አንድ ሌላ ሸካራ ድምፅ ግን አልጠፋም፤ ደግሞም በየሌሊቱ አይሰማም። መቼ መቼ እንደሚሰማ ስጠይቃት ሳታመነታ «እህትህ እንጀራ በምትጋግርበት ማታ» ብላ መለሰችልኝ።

እህቴ የምትጋግረው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ኃይሉ ሲሻል ነው። ምጣዳችን 3,500 ዋት ስለሆነ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ የብሬከር ሳጥኑም የተገጠመው በእናቴ ራስጌ ካለው ግድግዳ ጀርባ ነው። የመብራት ባለሙያ ጠራሁ። ወጣቱ ልጅ ኃይሉን አጥፍቶ ክዳኑን ሲያወልቀው መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነበር፤ የተቃጠለ ፕላስቲክና ዓሣ የመሰለ ሽታ። ወደ ምጣዱ የሚሄደው ሽቦ ልባሱ ሁለት ጣት ያህል ቀልጦ ጠቁሯል፤ የብሬከሩ ጎንም ቡና ቀለም ይዟል። ልጁ ብሎኑን በካቻቪቴ ሲነካው ያለ ምንም ጉልበት ዞረ። «እማማ፣ ይሄ ሲገጠምም በደንብ አልታሰረም፤ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብሱኑ እየላላ ሄዷል» አላት። በላላ ማሰሪያ ላይ ጥቃቅን ብልጭታ ይፈጠራል፤ ዝዝታውም እርሱ ነው። በዚያ ላይ የሚስበው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አምፖል ብቻ ሲበራ ዝም ያለው ማሰሪያ ምጣድ ሲሰካ የሚጮኸውና የሚግለው ለዚህ ነው። ኮርኒሳችን ጨርቅ ነው፤ ከሳጥኑ በላይ ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። ያን ርቀት በዓይኔ ስለካው እግሬ ዛለ።

ልጁ የተቃጠለውን ቆርጦ ጣለ፣ ብሬከሩን ቀየረ፣ ሌሎቹንም ብሎኖች አንድ በአንድ አጠበቀ። በዚያው ከሰዓት የእናቴን አልጋ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል አራቅሁት፤ የትራንስፎርመሩ እምምታ ጤነኛ ስለሆነ ልናስወግደው አንችልም፤ ከራሷ ግን ልናርቀው ችለናል። ድምፁን ከቀየረ ወይም መጮኽ ከጀመረ እንድትነግረኝ ለምኛታለሁ።

ቅዳሜ ማታ እህቴ ምጣዱን ስትሰካ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ መዳፌን ሳጥኑ ክዳን ላይ አኖርሁ። አሥራ አምስት እንጀራ እስኪወጣ ድረስ አልሞቀም። እናቴ ከውስጥ ሆና «ምን ትላለህ?» አለችኝ፤ «አንቺ ምን ትሰሚያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «የውጭውን ብቻ» አለች።