ሠላሳ ሜትር በሠላሳ ሜትር

የሁለተኛ ዲግሪዬ የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት እየተጠናቀቀ ነው። እንቅልፍ ያሳጣኝም፣ ከሁሉ አብልጬ የወደድሁትም አንድ ኮርስ ነው፦ በራስተር ላይ የተመሠረተው ጂአይኤስ፣ ማለትም የቦታ መረጃን በኮምፒውተር የመተንተኛ ሥርዓት። ትምህርቱ ከአእምሮዬ ሳይደበዝዝ ያሰብሁትን ለማስፈር ተቀምጫለሁ።

በመጀመሪያ ዲግሪ የተማርሁት አብዛኛው ቬክተር ነበር። መንገዱ መስመር፣ ጤና ጣቢያው ነጥብ፣ ቀበሌው ዙሪያው የታወቀ ቅርጽ ነው። ወሰን ላለው ነገር ሁሉ ይህ አሠራር ይበቃል። ከፍታ ግን ወሰን የለውም፤ ዝናብም እንዲሁ። ደጋው እዚህ አለቀ፣ ወይና ደጋው ከዚህ ጀመረ ብሎ ችካል የተከለ ሰው የለም። ራስተር መሬቱን እኩል በሆኑ ካሬዎች ይሸነሽንና ለእያንዳንዱ ካሬ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፒክስል፣ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። አንድ ብቻ! ብርታቱም ጣጣውም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

መምህርታችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኮምፒውተር አላስነኩንም። ባለ ካሬ ደብተር አስገዙን፣ የከፍታ ቁጥሮች በሰንጠረዥ ሰጡን፣ ውኃው ከእያንዳንዱ ካሬ ወዴት እንደሚወርድ በእጃችን እንድናሰላ አዘዙን። ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ስምንት ጎረቤቶች አሉት፤ ውኃው ቁልቁለቱ ወደሚበረታበት ወደ አንዱ ይሄዳል። ወደ ምሥራቅ ከሆነ 1፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 2፣ ወደ ደቡብ 4 እያለ በእጥፍ ያድግና ሰሜን ምሥራቅ ላይ 128 ይደርሳል። በሰያፍ ያለው ጎረቤት ከቀጥታው ስለሚርቅ የከፍታውን ልዩነት ለ1.414 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ያ ካልተደረገ ወንዙ ወደማይሆን ሸለቆ ይገባል። ቁጥሮቹን በቀስት ተክተን ቀስቶቹን ስናገናኛቸው ገጹ ላይ ገባር ወንዞች ብቅ አሉ። ማንም ወንዝ ብሎ ሳይስል ከቁጥር ብቻ ወንዝ ሲወጣ ማየት እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ሌላ ቀን የመሬት ሽፋን ካርታ ይዘው መጡ። 1 ውኃ፣ 2 ደን፣ 3 የእርሻ መሬት ነው። የካሬውን መጠን ለመለወጥ ሶፍትዌሩ የጎረቤቶቹን አማካይ እንዲወስድ አደረጉና ውጤቱን በግድግዳው ላይ አሳዩን። በሐይቁና በእርሻው መካከል ቀጭን የደን መቀነት ተዘርግቷል። 1 እና 3 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 2 ይሆናሉ፤ 2 ደግሞ ደን ነው። በቦታው ላይ አንድም ዛፍ የለም። ከፍታ ቢሆን አማካይ ይወጣለታል፤ የሽፋን ቁጥሮች ግን መለያ ብቻ ስለሆኑ የቅርቡን ካሬ ቁጥር እንዳለ መውሰድ እንጂ ማማከል አይቻልም። ካርታው ያምራል፣ ቀለሙ ያምራል፣ ደኑ ግን የለም። አንድ ባለሥልጣን ያንን ካርታ ይዞ ስብሰባ ላይ ቢቀርብ ማን ይጠይቀዋል? ይህን እያሰብሁ ነበር ወደ ዶርሜ የተመለስሁት።

ለኮርሱ ፕሮጀክት የመረጥሁት ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ጣና ሐይቅ የሚገባውን የጉማራን ወንዝ ተፋሰስ ነው፤ የተወለድሁበት አገር ነው። የተጠቀምሁበት የከፍታ መረጃ ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በ11 ቀን በረራዋ በራዳር የለካችው ነው። ለብዙ ዓመታት ለእኛ አገር በነፃ ይገኝ የነበረው የካሬው ጎን 90 ሜትር የሆነው ብቻ ነበር፤ 30 ሜትሩ ለአፍሪካ የተለቀቀው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ራዳሩ ዛፍ ባለበት ቦታ እስከ አፈሩ ድረስ እምብዛም ስለማይዘልቅ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከዙሪያቸው ትንሽ ከፍ ብለው ይታያሉ። የባሕር ዛፍ ተክሎችም እንደዚያው። የአገሬን ሰበካዎች በከፍታ ቁጥር ውስጥ እየፈለግሁ አንድ ሙሉ ሌሊት አሳልፌያለሁ።

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ። ከጉና ጫፍ የተነሡት ቀስቶች እውነተኛውን ሸለቆ ተከትለው በሚያስደስት ሁኔታ ወረዱ። ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ግን በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስል ጎን ለጎን ቀጥ ያሉ መስመሮች ሆኑ። ምክንያቱ ይገባኛል፦ ከፍታው በሙሉ ሜትር የተመዘገበ ነው፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ጎረቤታሞች ካሬዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘዋል፣ መረጃው ላይ ያሉት ጉድጓዶችም የውኃው መስመር እንዳይቋረጥ በሶፍትዌሩ አስቀድመው ተሞልተዋል። ፕሮግራሙ የግድ አቅጣጫ መስጠት ስላለበት ይሰጣል። ፎገራ ክረምት በገባ ቁጥር ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ጎርፉ ብዙ ሰው ያፈናቀለበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት ሜዳ ነው። ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ መሣሪያው የሚናገረው የለውም። መስመሩን ግን ይስላል።

ባለፈው ሳምንት ለአባቴ ስልክ ደውዬ ስለ ፕሮጀክቱ ነገርሁት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና፣

«የእኛ ማሳ ይታያል?» አለኝ።

«አባዬ፣ ቦታው ይታያል፤ ማሳው ግን ለብቻው አይለይም።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ በጥማድ ሠርቼ አስረዳሁት። አንድ ጥማድ የሄክታር ሩብ ያህል ነው፤ 2,500 ካሬ ሜትር። የ30 ሜትር ፒክስል 900 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ አንድ ጥማድ ሦስት ፒክስል እንኳ አይሞላም። በ90 ሜትሩ ሲሆን ደግሞ አንዱ ፒክስል ብቻውን ከሦስት ጥማድ ይበልጣል። በዚያ ላይ የእኛ ማሳ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ፒክስሎቹ የሚሰለፉት ደግሞ በሰሜንና በምሥራቅ ልክ እንጂ በወሰናችን ልክ አይደለም።

አባቴ ትንሽ አሰበና «ታዲያ ከማን ጋር ነው የቀላቀሉን?» አለ።

ጥያቄው የኮርሱን ግማሽ ይዟል። ፒክስሉ የእኛን ጤፍ፣ የጎረቤታችንን ዳጉሳ፣ በመካከል ያለውን የሣር ድንበርና ከዳር የቆመውን ባሕር ዛፍ በአንድ ላይ ወስዶ አንድ ቁጥር ያወጣል። በላንድሳት ሳተላይት ምስል የዕፅዋቱን ልምላሜ ለማወቅ ዓይን ከማያየው ከኢንፍራሬዱ ብርሃን ቀዩን ብርሃን ቀንሰን ለድምራቸው ስናካፍል የምናገኘው ውጤት የማንም ማሳ ልምላሜ አይደለም። ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት በ10 ሜትር ስለሚያነሣ ለአንድ ጥማድ ወደ 25 ፒክስል ይደርሰዋል፤ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ሰብሉ የሚያድገው በክረምት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሰማያችን ለሳተላይት ካሜራ እምብዛም አይከፈትም።

ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ የተዳፋቱ ጉዳይ ነው። ለአንድ ካሬ ተዳፋት የሚሰላው ከጎረቤቶቹ ከፍታ ነው፤ ካሬው ሲሰፋ ገደሉና ጉብታው ይስተካከልና ቁልቁለቱ የለዘበ ይመስላል። የ30 ሜትሩንና የ90 ሜትሩን በጉና ግርጌ ላይ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ተራራው ያው ሆኖ ሳለ በ90 ሜትሩ ላይ ገደላማውን የሚያሳየው ቀይ ቀለም ሳስቶ ለዘብ ያለውን የሚያሳየው ብጫ በዝቶ አየሁ። ተዳፋቱ ደግሞ በቀጥታ ወደ አፈር መሸርሸር ስሌቱ ይገባል፤ ስዊዘርላንዳዊው ሀንስ ሁርኒ በ1985 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ሁኔታ አስተካክሎ ወዳቀረበው፣ ዛሬም አብዛኞቻችን ወደምንጠቀምበት ቀመር። ከዚያ ስሌት የሚወጣው ካርታ እርከን የት ቀድሞ ይሠራ ለሚለው ጥያቄ መልስ ተደርጎ ይወሰዳል። ማለትም ማንም ያልተወያየበት የፒክስል ስፋት የአንዱን ጎጥ አፈር ከአሳሳቢው ምድብ ወደ መካከለኛው ሊያወርደው ይችላል። ይህ ያናድደኛል። የካርታ መግለጫ ላይ የሰሜን ቀስትና መስፈርት (ስኬል) ለማስቀመጥ የምንጨነቀውን ያህል የፒክስሉን ስፋትና የመረጃውን ምንጭ ለመጻፍ ብንጨነቅ መልካም ነበር።

አንድ ነገር ለሚከተሉኝ ተማሪዎች ብዬ እዚህ ላስቀምጥ። ከአሎስ ሳተላይት ራዳር ምስል ጋር አብሮ የሚወርደውን ባለ 12.5 ሜትር የከፍታ ፋይል ብዙዎቻችን የተሻለ ነው ብለን እንመርጠዋለን። ለእኛ አገር ያ ፋይል የተዘጋጀው ከዚያው ከመንኮራኩሯ የ30 ሜትር መረጃ ነው፤ ካሬው አነሰ እንጂ አዲስ ልኬት አልተጨመረበትም። በጥናቱ ላይ «12.5 ሜትር ጥራት» ብሎ መጻፍ አንባቢን ያሳስታል።

ለመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪዬ ርእስ እንዳቀርብ ጠይቀውኛል። የጉማራን የላይኛውን ክፍል ይዤ በ90 እና በ30 ሜትር የሚወጣውን ተዳፋት እርከኑ ላይ ቆሜ ክሊኖሜትር በተባለው የተዳፋት መለኪያ ከምለካው ጋር ማነጻጸር እፈልጋለሁ። አጨዳው ካለቀ በኋላ ስለሆነ ማሳ ውስጥ ለመግባት ይመቻል፤ አባቴም ወሰኖቹን ማን ከማን እንደሚዋሰን እየነገረ ሊያስለካኝ ተስማምቷል። የቀረኝ የናሙና ነጥቦቹን መምረጥ ነው፤ በየምድቡ በዕጣ ላውጣቸው ወይስ የፒክስሉ መካከል በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ልለካ? ማክሰኞ አማካሪዬ ዘንድ ስቀርብ በመጀመሪያ የማነሣው ይህንን ነው።