ባሌስትራ ስታስጨምሩ የኋላ ፍሬናችሁን አትርሱ

ሃይሉክስም ሆነ ሌላ ጭነት የሚሠራ ፎር ዊል ይዛችሁ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመውን የኋላ ብረት ሞላ) ያስጨመራችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። በተለይ እኛ ወሎ ውስጥ የምንነዳው። የእኛ አገር መንገድ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ የፍሬን ነገር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

እኔ ከወገልጤና ምስር ጭኜ ደሴና ኮምቦልቻ አደርሳለሁ። መኪናዬ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት፤ የፊት ፍሬኗ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር (ሸራው ውስጡ የሚገባበት ክብ ብረት) ነው። ስገዛት የቀድሞው ባለቤት በግራም በቀኝም ባሌስትራ አስጨምሮባት ነበር። ለጭነቱ ጥሩ ነው። ችግሩ የፊት ፍሬን ሸራ አልበረክት ማለቱ ነው፤ አዲስ ይገባል፣ ብዙ ሳይቆይ ያልቃል። የኋላው ታምቡር ሲከፈት ግን ሸራው ምንም አልተነካም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ጭኜ ስወርድ የተቃጠለ ሽታ ጋቢና ድረስ ይገባል፣ ፔዳሉም ወደ ታች እየጠለቀ ይሄዳል።

አንዱ ጋራዥ ሸራው ፎርጅድ ነው አለኝ። ሌላው የኋላውን ቫልቭ አውጥተን ቱቦውን ቀጥታ እናገናኘው አለ። በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ጎማውን እንኳ ሳይፈቱ ከስር ገቡና ጠሩኝ።

«ና እስቲ ይቺን ዘንግ እያት። ባሌስትራው ሲጨመር ሻንሲው ከፍ ብሏል፤ እሷን ግን ማንም አልነካትም።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለች ጋሼ?»

«ይሄ ቫልቭ መኪናህን ሁልጊዜ ባዶ ናት ብሎ ነው የሚያያት። አሥር ኩንታል ብትጭንም ባዶ ናት ይላል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻንሲው (የመኪናዋ አካል የተቀመጠበት የብረት ፍሬም) ላይ፣ ከኋላው አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት) ከፍ ብሎ ኤልኤስፒቪ የሚባል ቫልቭ አለ። አንዲት ዘንግ ከአክስሉ ጋር ታገናኘዋለች። ስትጭኑ ሻንሲው ዝቅ ይላል፣ ዘንጓ ቫልቩን ትገፋለች፣ እሱም ለኋላው ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። ስታራግፉ ሻንሲው ይነሣል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ባሌስትራ ሲጨመር ግን መኪናዋ ጭናም እንደ ባዶ ከፍ ብላ ትቆማለች። ቫልቩ የሚያውቀው ከፍታን እንጂ ኩንታልን አይደለምና የኋላውን ፍሬን ይነፍጋል፤ ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል።

ይህ ቫልቭ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ወረቀት ላይ አስልቼው ነበር። ፍሬን ስትይዙ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይገፋል። ምን ያህል እንደሚገፋ የሚወስኑት ጠቅላላ ክብደቷ፣ የፍሬኑ ጥንካሬ፣ የክብደቷ ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታና በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ናቸው። ባዶዋን 1,800 ኪሎ፣ ከዚያ ውስጥ 760ው ኋላ ላይ ነው እንበል፤ የጎማዎቹ ርቀት 2.85 ሜትር፣ የክብደቷ ከፍታ 70 ሳንቲ ሜትር። የመሬትን ስበት ግማሽ በሚያህል ኃይል ፍሬን ስትይዙ 220 ኪሎ ገደማ ወደ ፊት ይሄዳል። ኋላ የሚቀረው 540 ኪሎ፣ ማለትም ከጠቅላላው 30 በመቶ ብቻ ነው። አሁን ስምንት ኩንታል ጫኑባት። ጭነቱ አብዛኛው የሚያርፈው ኋላ ላይ ነው፣ የክብደቷም ከፍታ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ያንኑ ፍሬን ብትይዙ ኋላ ላይ 1,115 ኪሎ ይቀራል፤ 43 በመቶ መሆኑ ነው። ያቺው መኪና ጠዋት ባዶዋን 30፣ ማታ ጭና 43። አንድ ቦታ ላይ ታስሮ የተቀመጠ ፍሬን ለሁለቱም ሊሆን አይችልም።

ቫልቩን አውጡት የሚሉትን አትስሙ የምለውም ለዚህ ነው። ቱቦው ቀጥታ ከተገናኘ ጭናችሁ ስትሄዱ ጥሩ ሊመስላችሁ ይችላል። ባዶ ስትመለሱ፣ ሐምሌ ላይ አስፋልቱ ርሶ፣ ደሴ መግቢያ ጉም ለብሶ፣ ድንገት ፍሬን ስትይዙ የኋላ ጎማ ቀድሞ ይታሰራል። የታሰረ ጎማ ወደ ጎን የሚይዝበት አቅም የለውም። የፊቱ ቀድሞ ቢታሰር መሪው አይታዘዝም፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ፔዳሉን ላላ ሲያደርጉ መሪው ይመለሳል። የኋላው ቀድሞ ከታሰረ ግን ኋላዋ ዞሮ ፊቷን ሊቀድም ይመጣል፣ ያኔ መሪ ማዞር ብዙ አያድንም። የሐረጎን ገደል ላየ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ባሌስትራ ያልተጨመረባት አንድ ዓይነት መኪና ፈልገን፣ ሁለቱም ባዶ ሆነው ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ለካን። የእኔዋ አራት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላለች። መካኒኩ የዘንጓን መያዣ ከአክስሉ በዚያው ልክ ከፍ የሚያደርግ ብረት በየዱልኝ፤ ትንሿን ልዩነት ደግሞ ዘንጓ ላይ ባለው ዳዶ አስተካከሉ። ዘንጓ ስትረዝም የኋላው ግፊት ይጨምራል፣ ስታጥር ይቀንሳል። ከዚያ በፊት ግን የታምቡሩን ሸራ ማቀራረብ፣ ጎሚኒዎቹ (የፍሬን ዘይቱን የሚያግዱት ላስቲኮች) ማፍሰስ አለማፍሰሳቸውን ማየትና አየሩን ማስወጣት ግድ ነው፤ የላላ ታምቡር ይዞ ቫልቭ ማስተካከል ትርጉም የለውም። የፍሬን ዘይቱንም ቀየርነው። አዲስ ዶት 3 የሚባለው ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ፔዳል የሚጠልቀው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ሙከራውን ሰው በሌለበት ሰፊ የአፈር ሜዳ ላይ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አደረግነው። አንድ ሰው ውጭ ቆሞ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚታሰር ያያል። መጀመሪያ ባዶዋን፣ ከዚያ ጭና። ሁሌም የፊቱ በጥቂት ሊቀድም ይገባል። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ፦ ፎር ዊል አስገብታችሁ አትሞክሩ። እንደ እኔዋ ባለ መኪና ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ዘንጎች ተቆላልፈው እኩል ይዞራሉ፤ አንዱ ብቻውን ሊታሰር ስለማይችል የፍሬኑ ጉድለት ይደበቃል። በረጠበ ኮረኮንች ቁልቁለት ላይ ግን ፎር ዊል በጣም ይረዳል፤ ማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ ሞተሩ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ሳይሆን አራቱንም ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ አታስገቡት እንጂ።

ሌላው ማስረጃዬ ሙቀት ነው። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው ቴርሞሜትር እዚህ አይሠራም፤ የሰው ትኩሳት ብቻ ነው የሚለካው። የኢንዱስትሪውን ዓይነት ተውሼ ሐረጎን ወርጄ ስጨርስ ለካሁ። ከመስተካከሉ በፊት የፊት ዲስክ 270 ዲግሪ ገደማ፣ የኋላ ታምቡር 75 ነበር። ከተስተካከለ በኋላ፣ በዚያው ጭነት፣ ፊቱ 195፣ ኋላው 130። ታምቡር ውስጡ ከውጭው ስለሚግል ሁለቱን ቁጥሮች እርስ በርስ ከማወዳደር ይልቅ ከመስተካከሉ በፊትና ከተስተካከለ በኋላ ያለውን ለውጥ ማየት ይሻላል።

ሙቀቱ ከየት መጣ ለሚል፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። 2,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ብቻ ቢወርድ የሚለቀው ኃይል ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። በከባድ (በዝቅተኛው) ማርሽ ከወረዳችሁ ሞተሩ ብዙውን ይሸከማል። በቀላል ማርሽ ወይም በዜሮ ከለቀቃችኋት ሁሉም ፍሬኑ ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ቫልቭ አያስተካክለውም።

ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይታሰር የሚከላከል ሲስተም) ያላቸው አዳዲስ መኪኖች አብዛኞቹ ይህን ሥራ በኮምፒውተር ስለሚሠሩት ይህ ጽሑፍ እነሱን አይመለከትም። አሮጌዋን የያዛችሁ ግን ዛሬውኑ ከስር ገብታችሁ ዘንጓን እዩአት። ጨርሶ የለችም፣ በሽቦ ታስራለች ወይም ተጣማለች ከሆነ፣ ሳታስጠግኑ ቁልቁለት አትውረዱ። የእኔን ዳዶ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌባታለሁ፤ ባሌስትራ ባስነካሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።