ኤሊ የምትወጣበት ዳርቻ

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ አዲስ አበባ ውስጥ ከራስ መኮንን ድልድይ ተነሥቼ የወንዙን ዳር ይዤ ወደ ፍልውሃ ወረድሁ። ከሳምንት በፊት ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር ያየኋት ኤሊ ከሐሳቤ አልወጣችም ነበር። ዓሣ አጥማጆች ከመረብ ፈትተው ሲለቋት፣ ቅርፊቷ እንደ ረጠበ ቆዳ የለሰለሰ፣ አፍንጫዋም እንደ ቱቦ የሾለ ነበር። ይህች የናይል ኤሊ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በቆዳዋና በጉሮሮዋ በኩል ስለምትወስድ ጠልቃ ብዙ ትቆያለች፤ ወንዙ በፍሳሽ ከታፈነ ግን ይህ ስጦታዋ ከንቱ ነው።

ከድልድዩ ሥር ውሃው ጠቁሯል፣ ፌስታል በየቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል። እዚህ ኤሊ አገኛለሁ ብዬ አልመጣሁም። ነገር ግን ይኸው ውሃ ከቀበና ጋር ተገናኝቶ፣ በአቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ አዋሽ ይደርሳል፤ እኛ የጣልነውን በታች በኩል ያለው ፍጥረት ሁሉ ይቀበለዋል።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የወንዝ ዳርቻ ልማት 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነው፤ ወንዞቻችን እንዲጸዱ መታሰቡ ከልብ ያስደስተኛል። የሚያሳስበኝ ዳርቻው ነው። ኤሊ ኑሮዋ በውሃ ቢሆንም እንቁላሏን የምትቀብረው በደረቅ አፈርና በአሸዋ ውስጥ ስለሆነ፣ ዳርቻው በድንጋይ ሲገነባ መውጫ፣ አሸዋው ለግንባታ ሲዛቅ ደግሞ መቅበሪያ ታጣለች። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች የሚያድጉት ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም ለመውለድ ብዙ ዓመት ይፈጅባቸዋል። ዕድሜያቸው ረጅም በመሆኑም፣ መራባት ከቆመ በኋላ እንኳ ትልልቆቹ ለዓመታት እየታዩ ስለሚቆዩ፣ ወንዙ ባዶ እየሆነ መሄዱን የሚያስተውል የለም። በዓለም ካሉት 360 ገደማ የኤሊ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመጥፋት ሥጋት የተደቀነባቸው መሆኑን ሳስብ፣ የባሮዋን ኤሊ ዕድሜ ሳልጠይቅ መመለሴ ይቆጨኛል።

ፍልውሃ አጠገብ አንድ አዛውንት ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ድሮ እዚህ ውሃ ውስጥ ምን ይኖር ነበር?» አልኋቸው።

«እንቁራሪቱ ሌሊት አያስተኛንም ነበር፣ ልጄ። አሁን ዝም ብሏል» አሉኝ።

ወደ ግንቡ ጠርዝ ተጠግቼ ወደ ታች አየሁ። ከጠርዙ እስከ ውሃው ያለው ከቁመቴ ይበልጣል፤ በድንጋዮቹ መካከል እጅ የሚያክል አፈር እንኳ አልነበረም።