ከክሊፑ በፊት ሰዓቱን እዩ

ዛሬ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ የተነሳው ክርክር፦ ትራምፕ ታኅሣሥ 28 ቀን 2013 (የገና ዋዜማ ነበር)፣ ደጋፊዎቹ ካፒቶልን (የአሜሪካን ምክር ቤት ሕንፃ) በወረሩበት ዕለት ባደረገው ንግግር፣ ደጋፊዎቹን «ታገሉ» ነው ያለው ወይስ «በሰላም»? ሁለቱንም ብሏል። ስለዚህ በአንድ ክሊፕ መሟገት ከንቱ ነው።

ሙሉውን ንግግር አውጡ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ከንግግሩ የጽሑፍ ቅጂ ጋር እያመሳከራችሁ የቱ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደተባለ መዝግቡ። ቢቢሲን ጉድ ያደረገው ይሄ ነው፦ ከ50 ደቂቃ በላይ የሚራራቁ አባባሎችን እንደ አንድ ገጣጥሞ አሳየ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ዋና ዳይሬክተሩ ቲም ዴቪ ሥራውን ለቀቀ። በንግግር መሃል ካሜራው ድንገት ወደ ሕዝቡ ሲዞር ጠርጥሩ፤ የተቆረጠ ቦታ በዚያ ይሸፈናል።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ የኛ ሰው በብዛት ይሳሳታል። ዋሽንግተን በጃንዋሪ ከኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ናት፣ በጁላይ ግን 7። የካፒቶል የውጭ አጥር የተጣሰው በነሱ ከቀኑ 12:53፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2:53 ነው። ንግግሩ ያበቃው በኛ 3:10 ገደማ! ሰውየው ገና እያወራ ነበር ማለት ነው። ይሄ ግን ነፃ አያወጣውም፤ ሕንፃው ተሰብሮ የተገባው ከንግግሩ በኋላ፣ በኛ 4:12 ላይ ነው። ስትከራከሩ የቱን ጥሰት እንደምትሉ ለዩ።