ውሃው ሲሸሽ ወፎቹ ይቀርባሉ

በጣና ዳር ወፍ ለማየት ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መግቢያ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። ክረምቱ እንደወጣ ሐይቁ ሞልቶ ረግረጉን ስለሚውጠው ወፉ ይበተናል። በጋው ሲገፋ ግን ውሃው ይሸሻል፤ ትልና ቀንድ አውጣ የሞላበት ጭቃ ይገለጣል። ያን ጊዜ ወፉ ሁሉ ጠርዙ ላይ ይሰበሰባል።

ይህን በደንብ ያየሁት ለመንገድ ሥራ ገረጋንቲ ሲወጣበት በኖረ አሮጌ ጉድጓድ ነው። ክረምት ያጠራቀመው ውሃ እስከ መጋቢት ይቆያል፤ ዳሩ ፊላ አብቅሏል፤ ከብትም ይጠጣበታል። ባይናኩላሬ 8 በ42 ነው፤ ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ሚሊሜትር የሚሰፋው የፊት መስታወቱም ለንጋት ብርሃን ይበቃል። ከዚያ በላይ ግን የጠቀመኝ መቀመጥ ነው። ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ ዝም ብዬ ስቀመጥ፣ ደንግጠው የተነሡት ወፎች ጥቂት ቆይተው ይመለሳሉ። ከአውሮፓ የመጡት ጭራ ነቅናቂ ቢጫ ወፎች ከላሞቹ እግር ሥር ዝንብ ይለቅማሉ። ጥር ላይ ደብዛዛ የነበሩት መጋቢት ላይ አስኳል የመሰለ ቢጫ ለብሰው ሳገኛቸው፣ መሄጃቸው እንደደረሰ አውቃለሁ። ለውጡን ለማየት እዚያው ቦታ መመላለስ ያስፈልጋል።

ክሬን የሚባሉትን ረጃጅም ግራጫ ወፎች ለማየት ደግሞ እዚያው ጣና ዙሪያ ወዳሉት ረግረጎች፣ ጭምባ ወይም ፎገራ መሄድ ነው። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ቆመው ያድራሉ፤ ሲነጋ ወደ ማሳ ወጥተው የረገፈ ሩዝና ሽምብራ ይለቅማሉ። ስለዚህ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታዬን ይዤ መጠበቅ አለብኝ። የት እንዳደሩ የሚያውቁት እረኞች ናቸው። አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ በዚያ በኩል አይሂዱ፣ ይበራሉ፤ በከብቶቹ በኩል ይምጡ» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ከብት ለምደዋል፣ ወደ እነሱ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ሰው ግን ያስበረግጋቸዋል። ወደመጡበት ለሚመለሱበት ረጅም መንገድ ስብ እያጠራቀሙ ያሉ ወፎችን ለፎቶ ብሎ ማስነሣት ስንቃቸውን መቀማት ነው። እዚያው የሚኖሩትን፣ ዘውድ የደፉትን ጥቁር ክሬኖችማ ጎጆ በሚሠሩበት ክረምት ጨርሶ አልጠጋቸውም።

አሁን የሚያሳስበኝ ጉድጓዱ ነው። ሰው ቆሻሻ መድፋት ጀምሯል። ጠፍ ጉድጓድ መስሎት እንጂ ክፋት አይመስለኝም፤ ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ ባይናኩላሩን አቀብዬ አሳየዋለሁ።