የሶገስ ጊዛ

ዛሬ ከቦስተን በስተሰሜን ያለውን የሶገስ ብረት ማቅለጫ ስዞር ዋልኩ። እንግሊዞች በማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛታቸው እ.ኤ.አ. በ1646 አካባቢ ያቆሙት ነው። የሚታየው ግን ፍርስራሹ ተቆፍሮ እንደገና የተሠራው ነው። በዚያ ዘመን አሠራሩ እንዲህ ነበር።

ማዕድኑ ከረግረግ የሚዛቅ ነው። ቁመቱ ከ6 ሜትር የሚበልጠው ምድጃ ከአናቱ ከሰል፣ ማዕድንና በአቅራቢያው ካለው ናሃንት የሚመጣ ጥቁር ድንጋይ ይጎርሳል። ድንጋዩ የማዕድኑን ጉድፍ ይዞ ይቀልጥና አር ሆኖ ከብረቱ በላይ ይንሳፈፋል። ከዚህ ምድጃ ቀልጦ የሚወጣው ብረት ጊዛ ይባላል።

ወናፎቹ ጥንድ ናቸው፤ የሚያንቀሳቅሳቸውም ውኃ የሚያዞረው መንኮራኩር ነው። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይሞላል። ነፋሱ ለረጅም ጊዜ ከተቋረጠ ብረቱ ምድጃው ሆድ ውስጥ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ምድጃውን አፍርሶ የረጋውን ፈልፍሎ ማውጣት ነው። ስለዚህ አንዴ ከተለኮሰ ለሳምንታት ሌት ተቀን ይነዳል።

እንደኔ ትልቁ ጥበብ የቀለጠው ብረት የሚፈስበት አሸዋ ላይ ነው። የድስት ቅርጽ የሚወጣበት አሸዋ እርጥበቱ ከበዛ እንፋሎት መውጫ ያጣና የቀለጠውን ብረት ሰው ላይ ይረጫል፤ ቢያንስ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድስት ይወጣል። ከደረቀ ደግሞ ገና ሲፈስበት ይናዳል።

ጊዛ ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ በመዶሻ ሲመቱት ይሰበራል እንጂ አይሳብም። ለመቀጥቀጥ የሚፈለገው እንደገና ከሰል ውስጥ በወናፍ ነፋስ ፊት ይቀልጣል፤ ካርቦኑ ተቃጥሎ ሲወጣለት ብረቱ እንደ ሊጥ ይሰበሰባል። ያን ድብልብል በውኃ ኃይል የሚነሳ 500 ፓውንድ መዶሻ መስፍ ላይ ይደቁሰዋል፤ የቀረው አር እየተፈናጠረ ይወጣል። ከፊሉ ተዳምጦ በቀጭኑ ይሰነጠቃል፤ ሚስማር ሠሪው ያንን ገዝቶ ራሱ እየቆረጠ ያሾለዋል።