ዘንዶ አጥንት አያደቅም
ዘንዶ አዞ ሲውጥ የሚያሳየው ፎቶ ዛሬም ሲዘዋወር ዋለ። ቦታው አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ፣ ማውንት አይሳ አጠገብ ያለው የሙንዳራ ሐይቅ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ.። ትግሉም መዋጡም ተደምሮ አምስት ሰዓት ያህል ፈጅቷል።

"አዞውን የገደለው አጥንቱን አድቅቆ ነው" የምትሉት ግን ልክ አይደለም። ጥምጥሙ የሚያግደው የደም ዝውውሩን ነው፤ ታዳኙ ቶሎ የሚዝለውም ለዚህ ነው። ከዚያ የታዳኙ እግሮች ወደ ኋላ እንዲታጠፉለት ዘንዶው ከጭንቅላቱ መዋጥ ይጀምራል። የዘንዶው የታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኙ በሚለጠጥ ጅማት የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ነክሶ ሲይዝ ሌላው ወደፊት ይራመዳል። አፉ ጢም ብሎ እንዴት ይተነፍሳል? የአየር ቧንቧውን ጫፍ በጎን ያወጣዋል! ዋላቢ (ካንጋሮ መሰል ትንሽ እንስሳ) ሲውጥም ያው ነው።

ጣጣው ከዋጠ በኋላ ነው። ፀሐይ ካላገኘ መፍጨቱ ይዘገይና ሥጋው ሆዱ ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል፤ ሰው ተጠግቶ ካስደነገጠው ደግሞ ያን ሁሉ የለፋበትን መልሶ ይተፋዋል።